ሕያዋንን በዘር ሐረግ መመደብ፦ የዝምድና ዛፍ በእጅ የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለርግብ የቀረበ ዘመድ ነው። እንጉዳይ ከተክል ይልቅ ወደ እንስሳ ይጠጋል። በሕይወት ካሉ እንስሳት ሁሉ የዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ ደግሞ ጉማሬ ነው። እነዚህ እውነቶች መጀመሪያ ሲሰሙ ግር የሚሉት ምደባን መልክ ከመልክ የማጣመር ሥራ አድርገን ስለምናስበው ነው። የዛሬው ባዮሎጂ የሚመድበው በትውልድ ነው፤ የሚጠይቀውም «ማን ከማን ጋር በቅርብ ቅድመ አያት ይገናኛል?» ብሎ ነው። ይህ መመሪያ ጥያቄውን በወረቀትና በእርሳስ እንዴት መመለስ እንደሚቻል ያሳያል። የሚያስፈልጉት ባለ ካሬ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጥሩ ላጲስና ስለሚመድቧቸው እንስሳት የውስጥና የውጭ አካል አስተማማኝ መግለጫ ናቸው። ላጲሱን አይርሱ፤ መደምሰስ የሥራው ግማሽ ነው።

ዛፉ ከየት ይመጣል?

ዝግመተ ለውጥ ማለት አብረው እየተዋለዱ በሚኖሩ የአንድ ዝርያ አባላት ስብስብ ውስጥ የሚወረሱ ባሕርያት ድርሻ ከትውልድ ወደ ትውልድ መለወጡ ነው። የሚለወጠው ስብስቡ ነው። አንድ እንስሳ በሕይወት ዘመኑ ጡንቻው ቢፈረጥም ወይም ጠባሳ ቢያወጣ ያ ለልጆቹ አይተላለፍም።

ቻርልስ ዳርዊንና አልፍሬድ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1858 ያቀረቡት ተፈጥሯዊ መረጣ ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ይከሰታል፦ በአባላቱ መካከል ልዩነት ሲኖር፣ ልዩነቱ የሚወረስ ሲሆን፣ ልዩነቱም አንዱ ከሌላው የበለጠ ዘር እንዲተካ ሲያደርግ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መረጣ የለም። እዚህ ላይ በብዛት የሚሰማው ስሕተት «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለመደው» የሚለው አነጋገር ነው። የሆነው ሌላ ነው፦ ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል በሚውቴሽን (በሚወረሰው የዘር መዝገብ ላይ በሚደርስ ድንገተኛ ለውጥ) ወይም ከሌላ ባክቴሪያ በተቀበሉት ጂን (የዘር መዝገብ ክፍል) የተነሣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ነበሩ፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ጨረሰ፣ ሜዳው ለጥቂቶቹ ተለቀቀ፣ የተባዙትም እነሱ ናቸው።

መረጣ ባይኖርም ለውጥ አለ፤ ይህን በዶቃ ማየት ይቻላል። ከረጢት ውስጥ 20 ቀይና 20 ነጭ ዶቃ ያስገቡ። ሳያዩ አንድ ያውጡ፣ ቀለሙን ይመዝግቡ፣ ዶቃውን ይመልሱ፤ ይህን 10 ጊዜ ይድገሙ። 7 ቀይ ከወጣ የሚቀጥለው ትውልድ ድርሻ 7 ለ3 ነው፤ ስለዚህ ከረጢቱን በ28 ቀይና በ12 ነጭ አስተካክለው እንደገና ይጀምሩ። በአማካይ ወደ 14 ዙር ገደማ ሲደርስ አንዱ ቀለም ፈጽሞ ይጠፋል፤ ማንም አልመረጠውም፣ ዕጣ ነው። በየዙሩ 10 ጊዜ በማውጣት ፋንታ 100 ጊዜ ቢያወጡ ያው መጥፋት እጅግ ይዘገያል። ትንሽ ስብስብ በአጋጣሚ ቶሎ የሚናወጠው ለዚህ ነው። ዶቃውን ሳይመልሱ የሚቀጥሉ ተማሪዎች ውጤታቸው ይዛባል፤ በእያንዳንዱ መዘዛ ዕድሉ እየተቀየረ ይሄዳልና።

አንድ ስብስብ በተራራ ወይም በውሃ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ሚውቴሽን፣ የየራሱን መረጣና የየራሱን ዕጣ ያከማቻል። ጊዜው ሲረዝም ቢገናኙም የሚዋለዱበት መንገድ ይዘጋል። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ የዘር መዝገቡን የያዘ ክር) አላቸው፤ በቅሎ 63 ይወርሳል። የሁለቱ ወላጆች ክሮሞዞሞች በትክክል ስለማይጣመሩ የዘር ሕዋስ መሥራት ይሰናከላል፣ ስለዚህም በቅሎ ከስንት አንዴ ካልሆነ አይወልድም። የመከፈሉ ታሪክ በሥዕል ሲወጣ ዛፍ ይሆናል፤ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ብቸኛ ሥዕልም የቅርንጫፎች ሥዕል ነው።

ደረጃ 1፦ የሚመደቡትን መምረጥ

ለመጀመሪያ ልምምድ ከ5 እስከ 8 እንስሳት ይበቃሉ። ከዚያ በላይ በእጅ አይሞከርም፤ ስድስት ዝርያዎችን በ945 የተለያዩ ሥር ያላቸው ዛፎች ማዛመድ ይቻላል፣ ዝርያዎቹ አሥር ሲሆኑ ግን ዛፎቹ 34,459,425 ይደርሳሉ።

በዚህ መመሪያ የምንጠቀመው እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ አዞ፣ ርግብ፣ አይጥና የሌሊት ወፍን ነው። ከእነዚህ ሌላ አንድ የውጭ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል፦ ለስድስቱም ዘመድ የሆነ፣ ግን ስድስቱ እርስ በርስ ከመለያየታቸው በፊት የተገነጠለ። ሻርክ ይሆነናል። ማነጻጸሪያው በጣም የራቀ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ተክል ወይም እርሾ ቢያመጡ የሚነጻጸር አካል ስለማይኖር ሠንጠረዡ ትርጉም ያጣል።

ደረጃ 2፦ ባሕርያትን መምረጥ

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ጥሩ ባሕርይ የሚወረስ፣ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ በግልጽ የሚመለስ፣ ከሌሎቹም ባሕርያት ራሱን የቻለ መሆን አለበት። «ትልቅ ነው»፣ «በውሃ ይኖራል»፣ «ሥጋ ይበላል» የሚሉትን ይተዉ፤ ስለ አኗኗር ይናገራሉ እንጂ ስለ ዘር ሐረግ የሚመሰክሩት ጥቂት ነው። አንዱን ነገር በሁለት ስም መቁጠርም አደገኛ ነው። «ላባ አለው» እና «በላባ ይሸፈናል» ሁለት ድምፅ ያገኘ አንድ ምስክር ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ጥያቄ፣ በሁለት እንስሳት ላይ ያየነው ነገር በእርግጥ አንድ ነገር ነው ወይ የሚለው ነው። የሻርክን ቅርፊት ይመልከቱ። እያንዳንዱ ቅርፊት እንደ ጥርስ የተሠራ ነው፤ ከውስጥ የጥርስ አጥንት፣ ከላይ እንደ ጥርስ ልባስ ያለ ጠንካራ ሽፋን። የእንሽላሊት ቅርፊት ግን ቤታ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ይሠራል፤ የርግብ እግር ላይ ያለው ቅርፊትም እንዲሁ። ስለዚህ «ቅርፊት አለው» ብሎ ሦስቱን በአንድ ማሰር ስሕተት ነው። በስም አንድ የሆነ ሁሉ በአሠራርና በፅንስ አበቃቀል አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ሠንጠረዥ ውስጥ አያስገቡት።

የባሕርይ አለመኖርም ያሳስታል። እባብ እግር የለውም፣ የምድር ትልም የለውም። ትሉ ቀድሞውንም አልነበረውም፤ እባብ ግን እግር ከነበራቸው ቅድመ አያቶች ወርዶ ያጣው ነው። ሁለቱ ባዶዎች አንድ አይደሉም።

ደረጃ 3፦ ሠንጠረዡን መሙላት

ባሕርዩ ካለ 1፣ ከሌለ 0 ይጻፉ። እርግጠኛ ያልሆኑበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ያኑሩ እንጂ በግምት አይሙሉ፤ አንድ የተገመተ ቁጥር ዛፉን ሊገለብጥ ይችላል።

| ባሕርይ | ሻርክ | እንቁራሪት | እንሽላሊት | አዞ | ርግብ | አይጥ | የሌሊት ወፍ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ሀ. ጣት ካላቸው አራት እግሮች የመጣ አካል | 0 | 1 | 1 | 1 | 1 | 1 | 1 |
| ለ. ፅንሱን የሚከብ የሽርት ውሃ ከረጢት | 0 | 0 | 1 | 1 | 1 | 1 | 1 |
| ሐ. ጠጉር | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 | 1 | 1 |
| መ. ወተት | 0 | 0 | 0 | 0 | 0 | 1 | 1 |
| ሠ. የቤታ ኬራቲን ቅርፊት | 0 | 0 | 1 | 1 | 1 | 0 | 0 |
| ረ. ምግብ የሚፈጭ ወፍራም ጡንቻማ ጨጓራ | 0 | 0 | 0 | 1 | 1 | 0 | 0 |
| ሰ. ሙሉ በሙሉ አራት ክፍል ያለው ልብ | 0 | 0 | 0 | 1 | 1 | 1 | 1 |
| ሸ. ክንፍ | 0 | 0 | 0 | 0 | 1 | 0 | 1 |

የሻርክ ዓምድ በሙሉ 0 መሆኑን ልብ ይበሉ። ማነጻጸሪያው ላይ ያለው ሁኔታ እንደ ነባር ይቆጠራል፤ 1 የተባለው ደግሞ ኋላ የመጣ አዲስ ባሕርይ ነው። ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቪሊ ሄኒግ እ.ኤ.አ. በ1950 በግልጽ ያስቀመጠው ሕግ ይህ ነው፦ ዝምድናን የሚመሰክረው በጋራ የተያዘ አዲስ ባሕርይ ብቻ ነው። የጀርባ አጥንት ሰባቱም ስላላቸው በመካከላቸው ማን ለማን እንደሚቀርብ ምንም አይነግረንም። ሁለት ወንድማማቾችን ከአጎታቸው ልጅ መለየት የፈለገ ሰው ሦስቱም የወረሱትን የአያት ስም ማስረጃ አያደርግም።

ደረጃ 4፦ ክቦችን መሳል፣ ከዚያ ዛፉን

ቅርንጫፍ ለመሳል አይቸኩሉ። ስድስቱን እንስሳት በወረቀት ላይ በስም በትነው ያስቀምጡና ለእያንዳንዱ ባሕርይ 1 ያገኙትን በአንድ ክብ ይክበቡ። ሀ ስድስቱንም ያቅፋል። ለ በውስጡ አምስቱን ይይዛል። ሐ እና መ አይጥንና የሌሊት ወፍን አንድ ላይ፣ ሠ እንሽላሊትን፣ አዞንና ርግብን፣ ረ ደግሞ በሠ ውስጥ አዞንና ርግብን ብቻ። እስከዚህ ድረስ ክቦቹ አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገቡ ይሄዳሉ። ሰ ሲደርስ ግን መስመሩ የሠን ክብ ያቋርጣል፤ አዞንና ርግብን ይወስዳል፣ እንሽላሊትን ይተዋል፣ ከውጭ ደግሞ አይጥንና የሌሊት ወፍን ይጨምራል። ሸም እንዲሁ ያቋርጣል።

የሚቋረጡ ክቦች በአንድ ዛፍ ላይ ሁለቱም «አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ባሕርይ» ሊሆኑ አይችሉም። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ሁለት ጊዜ ለየብቻ መጥቷል፣ ወይም መጥቶ ጠፍቷል። ይህ የሥራዎ ጉድለት አይደለም፤ ተፈጥሮ እንዲህ ናት፤ ቀጣዩ ደረጃም የተሠራው ለዚሁ ነው።

ክብን ወደ ዛፍ ለመለወጥ ከውስጠኛው ይጀምሩ። አዞና ርግብን በአንድ መገንጠያ ያገናኙ፣ እንሽላሊትን ከእነሱ በታች ይጨምሩ፣ አይጥንና የሌሊት ወፍን ለብቻ ያገናኙ፣ ሁለቱን ቅርንጫፎች አንድ ላይ ይሰሩ፣ ከሥር እንቁራሪትን፣ ከሁሉም በታች ሻርክን ያስገቡ።

ደረጃ 5፦ ለውጦችን መቁጠር

አሁን ተፎካካሪ ዛፎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው እያንዳንዱ ስንት ለውጥ እንደሚጠይቅ ይቁጠሩ። ጥቂት ለውጥ የሚጠይቀው ይመረጣል።

አንደኛው ዛፍ ከላይ የሠራነው ነው። ከሀ እስከ ረ ያሉት ስድስት ባሕርያት አንድ አንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ልብና ክንፍ ሁለት ሁለት ጊዜ። ድምሩ 10።

ሁለተኛው ዛፍ ልብን ያምናል፦ አዞና ርግብን ከአይጥና ከሌሊት ወፍ ጋር አቅርቦ እንሽላሊትን ከአራቱ ውጭ ያደርጋል። ልብ አንድ ለውጥ ብቻ ይሆናል፤ ቅርፊት ግን ሁለት ይሆናል፣ መጥቶ በአጥቢዎቹ ላይ መጥፋት አለበትና። ድምሩ እዚህም 10።

ሦስተኛው ዛፍ ክንፍን ያምናል፦ ርግብን ከሌሊት ወፍ ጋር ያጋባል። ክንፍ አንድ ይሆናል፤ በምትኩ ጠጉር፣ ወተት፣ ቅርፊት፣ ጨጓራና ልብ እያንዳንዳቸው ሁለት ይሆናሉ። ድምሩ 13።

ክንፍ ተሸነፈ፤ ጠጋ ብሎ ላየውም አያስገርምም። የሌሊት ወፍ ክንፍ በረዘሙ አራት ጣቶች መካከል የተወጠረ ቆዳ ነው፤ የርግብ ክንፍ ጣቶች ግን አጥረውና ተጋጥመው ወደ ሦስት ወርደዋል፣ አየሩን የሚቀዝፈው ላባ ነው። የፊት እግር እንደመሆናቸው ከአንድ ምንጭ መጥተዋል፤ ክንፍ እንደመሆናቸው ለየብቻ ተሠርተዋል። ሁለቱ አባባሎች አብረው እውነት ናቸው፤ ተማሪዎች የሚደናገሩትም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነጥብ ነው።

አንደኛውና ሁለተኛው ዛፍ ግን እኩል ናቸው። በዚህ ጊዜ ደስ ያለንን መምረጥ የተከለከለ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሚያጣላውን ባሕርይ እንደገና መመርመር ነው። የአጥቢና የወፍ ልብ ሁለቱም አራት ክፍል አለው፤ ሆኖም ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ በአጥቢዎች ወደ ግራ፣ በወፎች ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ለየብቻ የተሠራ ልብ መሆኑን ይህ በብርቱ ይጠቁማል። ሌላው መንገድ ተጨማሪ ባሕርይ ማምጣት ነው። ከዓይን ጉድጓድ በስተኋላ በራስ ቅል ላይ ሁለት ቀዳዳ የመኖሩን ባሕርይ ቢጨምሩ እንሽላሊት፣ አዞና ርግብ ከዚያ የራስ ቅል ዓይነት ስለወረዱ 1 ያገኛሉ፤ የአጥቢዎች ሐረግ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። አሁን አንደኛው ዛፍ 11፣ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 15 ይሆናል። ይጠንቀቁ፦ የዛሬዋን ርግብ ራስ ቅል ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን ቀዳዳዎች ለይቶ አያገኝም፣ ከዓይን ጉድጓዱ ጋር ተቀላቅለዋል፤ እንሽላሊት ላይም የታችኛው ድንበር ተከፍቷል። ቅሪተ አካል የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ቦታ ነው።

ዲኤንኤ ሲጨመር

ዲኤንኤ የዘር መዝገቡ የተጻፈበት ሞለኪውል ነው፤ በአራት ፊደላት ይነበባል። አሠራሩ አይለወጥም፤ ባሕርያቱ ብቻ ፊደል ይሆናሉ። ለእንስሳት ዝርያ መለያ በብዛት የሚነበበው ከሚቶኮንድሪያ (ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጭ ክፍል) ጂን የተወሰደ 650 ገደማ ፊደል ያለው ቁራጭ ነው፤ ለባክቴሪያ ደግሞ ወደ 1,500 ፊደል ያለው የራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራ የሕዋስ ክፍል) ጂን። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 የዚህን ጂን ውጤት አነጻጽረው አርኬያ የሚባሉት ጥቃቅን ሕያዋን ከባክቴሪያ የተለዩ መሆናቸውን አሳዩ፤ በ1990ም ባክቴሪያ፣ አርኬያና ዩካርያ (እንስሳት፣ ተክሎችና እንጉዳዮች ያሉበት) የሚለው የሦስት ክፍል ምደባ ቀረበ። በማይክሮስኮፕ ተመሳስለው የነበሩትን የለየው የዘር መዝገባቸው ነው።

ሁለት ነገር ሥራውን ያበላሻል። ሁለት ቅደም ተከተሎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ ክፍተት ካልተተወለት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተትና ዘመዳሞች ባዕድ መስለው ይታያሉ። በሌላ በኩል የዲኤንኤ ፊደላት አራት ብቻ ስለሆኑ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቅደም ተከተሎች እንኳ ከአራት ቦታ በአንዱ በአጋጣሚ ይገጥማሉ። ለሩቅ ዝምድና ቶሎ የሚለወጥ ጂን አይምረጡ፤ ዝግተኛውን ይያዙ። ሳይቶክሮም ሲ የተባለው ፕሮቲን በሰው ላይ 104 አሚኖ አሲድ አለው፤ ከቺምፓንዚ ጋር ልዩነቱ 0፣ ከሬሰስ ጦጣ ጋር 1 ነው። እንዲህ ያለ ዝግተኛ ፕሮቲን እርሾን ከሰው ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሰውንና ቺምፓንዚን ለመለየት ግን አይረባም።

ዛፉን ሳይሳሳቱ ማንበብ

ዝምድና የሚነበበው ከመገንጠያዎቹ ነው፤ ጫፎቹ በወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ምንም አይናገርም። ማንኛውንም መገንጠያ እንደ ማጠፊያ ብናሽከረክረው ዛፉ ያው ነው። እንቁራሪት ከታች ስለተሳለ የአይጥ ቅድመ አያት አይደለም፤ ሁለቱም የዛሬ እንስሳት ናቸው፣ ከጋራ ቅድመ አያታቸው እኩል ዘመን ርቀዋል። «ሰው ከቺምፓንዚ መጣ» የሚለውም ከዚሁ ስሕተት የተወለደ ነው፤ ዛፉ የሚለው ሁለቱ አንድ ቅድመ አያት ነበራቸው፣ ከዚያም በየፊናቸው ተለወጡ ነው።

ከዛፍ ወደ ስም

አንድ ምድብ ትክክለኛ መሆኑን በመቀስ ይፈትኑት፦ ዛፉን አንድ ቦታ ብቻ ቆርጠው የሚወድቀው ቅርንጫፍ ምድቡን በሙሉ፣ ከምድቡም ውጭ ማንንም ሳይይዝ ከሆነ ምድቡ የተሟላ ሐረግ ነው። አይጥና የሌሊት ወፍ ያልፋሉ። እንሽላሊትና አዞን ብቻ ይዞ «ተሳቢ እንስሳት» የሚለው ምድብ አያልፍም፤ ርግብን ለማስቀረት ሁለተኛ ቁርጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ወፎችን ከዚያ ሐረግ ውስጥ ማስገባት ግድ ይላል። ቃሉን በዕለት ንግግር መጠቀም ጥፋት የለውም፤ በሳይንሳዊ ምደባ ግን እንደ ሐረግ ስም አይቆጠር።

የተለመዱት ደረጃዎች ከሰፊው ወደ ጠባቡ ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገንና ዝርያ ናቸው። ተኩላ ለምሳሌ ከእንስሳት ስፍን፣ ከኮርዳታ ክፍለ ስፍን፣ ከአጥቢዎች መደብ፣ ከሥጋ በሎች ክፍለ መደብ፣ ከካኒዴ አስተኔ፣ ከካኒስ ወገን ነው፤ ዝርያው ካኒስ ሉፐስ። ደረጃዎቹ የሰው መደርደሪያ ናቸው፤ የነፍሳት አንድ አስተኔና የወፎች አንድ አስተኔ በዕድሜም በብዛትም እኩል ናቸው ማለት አይደለም።

የዝርያ ስም ሁልጊዜ ሁለት ቃል ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የወገኑ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለተኛው ቃል በትንሽ፣ ሁለቱም ያዘነብላሉ። «ሉፐስ» ብቻውን ስም አይደለም፤ ይህ ቃል በሌላ ወገን ሥርም ሊገኝ ይችላል። የካርል ሊኔየስ ሥራዎች ለስያሜው መነሻ ናቸው፦ ለተክል የ1753ቱ፣ ለእንስሳ የ1758ቱ።

የመጨረሻ ፍተሻ፦ አዲስ እንስሳ ማስገባት

ዛፉ ሲያልቅ ያልነበረ እንስሳ ያስገቡበት። ፕላቲፐስ የተባለው የአውስትራሊያ እንስሳ ጥሩ ፈተና ነው፦ እንቁላል ይጥላል፣ ጠጉር አለው፣ ግልገሉን ወተት ይመግባል። በመልክና በልማድ የሚመድብ ሰው እንቁላሉን ይዞ ወደ እንሽላሊት ይወስደዋል። ሠንጠረዡን ይሙሉ። እንቁላል መጣል እንቁራሪትም፣ እንሽላሊትም፣ አዞም፣ ርግብም ያላቸው ነባር ባሕርይ ስለሆነ ለማንም አይመሰክርም። ጠጉርና ወተት ኋላ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ወደ አይጥና ወደ የሌሊት ወፍ ይጎትቱታል። ስለዚህ ቦታው የሁለቱ ቅርንጫፍ ሥር ላይ፣ እነሱ እርስ በርስ ከመለያየታቸው በፊት ነው። እንቁላል መጣሉን ትቶ ግልገል መውለድ የመጣው ፕላቲፐስ ከተገነጠለ በኋላ በአይጥና በሌሊት ወፍ መስመር ላይ ነው፤ ለውጡን በዚያ ቅርንጫፍ ላይ በአጭር መስመር ምልክት ያድርጉበት። ግልገል የሚወልዱ የሻርክ ዝርያዎች ብዙ መሆናቸውን አስታውሰው ይህን ባሕርይ በሠንጠረዡ ለማስገባት ካሰቡ ግን ወደ ደረጃ 2 ይመለሱና መጀመሪያ የሻርኩንና የአይጡን አወላለድ አሠራር ያነጻጽሩ።